የሩቁን ኮምፒውተር ፕሮግራም እዚህ ለመክፈት የትኛው ይሻላል?

ፕሮግራሙ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ላፕቶፕ ይዘው ቤት ነዎት። አማራጩ ብዙ ነው። እኔ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ መስመሩ ሲቋረጥ የተከፈተው ፕሮግራም ምን ይሆናል?

ሁለቱም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ከሆነ ኤክስ ፎርዋርዲንግ የሚባል ዘዴ አለ። ነፃ ነው፤ ኤስኤስኤች በሚባለው፣ ሩቅ ካለ ኮምፒውተር ጋር በሚስጥር በሚያገናኘው መስመር በኩል ይሠራል። የሚመጣልዎት ሙሉው ዴስክቶፕ ሳይሆን የፈለጉት ፕሮግራም መስኮት ብቻ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ በኬብል ሲሆን በጣም ደስ ይላል። በኢንተርኔት ግን ይንቀራፈፋል። በሊኑክስ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው የኤክስ ሥርዓት በ1984 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጀመር የታሰበው ለቅርብ ኔትወርክ ነበር። ፕሮግራሙና ስክሪኑ ለጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ይመላለሳሉ፤ እያንዳንዱ ምልልስ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ትልቅ የኢንተርኔት ፓኬጅ መግዛት ብዙም አይፈይድም። ከሁሉ የሚከፋው፣ መስመሩ ሲቆረጥ ፕሮግራሙም አብሮ ይዘጋል። ሴቭ ያላደረጉት ሥራ ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ኤክስፕራ የሚባለው ፕሮግራም ነው። እሱም ነፃ ነው፤ መስኮቱን ለብቻው ያመጣል። መስመር ቢጠፋ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆይዎታል፤ ተመልሰው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ለሊኑክስ ሰው የምመክረው ይህንን ነው።

ቪኤንሲ የሚባለው ሌላው ዘዴ የስክሪኑን ምስል ይልካል። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ አይልም፤ ሁሉም ላይ ይሠራል። ግን ምስሉ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር ይከብደዋል።

ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ለሚሠራ ባለሙያ ግን ምርጫዬ አርዲፒ ነው፤ ይህ የዊንዶውስ የራሱ ከሩቅ መግቢያ ነው። በቀጭን መስመር እንኳ ለቢሮ ሥራ ይበቃል። ቢቋረጥም ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ወጪው ላይሰንሱ ነው፦ የቢሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ ሆም የሚባለው ከሩቅ የሚመጣን ሰው አይቀበልም። እርስዎ ሲገቡ ደግሞ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ስክሪን ይቆለፋል። በቪፒኤን፣ ማለትም ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ የተቆለፈ መስመር ብቻ ይግቡ፤ አርዲፒን በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት መተው ለሌባ በር መክፈት ነው።

ለዚህ ሁሉ ብለው የኢንተርኔት ራውተሩን መነካካት ካልፈለጉ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር የሚባሉት ፕሮግራሞች ይቀልዎታል። ለግል ነፃ ናቸው፤ ለድርጅት ግን ይከፈልባቸዋል። የእነሱን ዓይነት ሥራ የሚሠራውን ራስትዴስክን ደግሞ በራስዎ ሰርቨር ላይ ማስኬድ ይችላሉ።

የቢሮው ኮምፒውተር ራሱ መብራት ከጠፋበት ግን አንዳቸውም አያድኑም። ለላይሰንስ ከመክፈልዎ በፊት መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ይግዙለት፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የመነሻ ቅንብር፣ ባዮስ በሚባለው ውስጥ ገብተውም መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ያድርጉት።