ቤሳን በእጅ የሚያስጨብጥ የሂርማታ ሱቅ

«ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የሚለው አባባል ገንዘቡን አጥፍቶ በጨረሰ ሰው አፍ ዘወትር ይሰማል፤ ቤሳን፣ ማለትም የድሮዋን የመዳብ ሳንቲም፣ በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። በጅማ ሂርማታ ገበያ ያለች አንዲት ጠባብ የአሮጌ ሳንቲምና የብር ጌጣጌጥ ሱቅ ይህን ጉድለት ስለምትሞላ፣ ለአባባሎቻችን ምንጭ ለሚቆረቆር ሁሉ ከልብ እመክራታለሁ።

ገበያተኛው «ሐጂ» እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ባለሱቅ ስለ አባባሉ ሲጠየቁ በቃል ብቻ አይመልሱም። የኦስትሪያዋን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር፣ የዳግማዊ ምኒልክን ብርና ጊርሽ፣ በመጨረሻም የመዳቡን ቤሳ በተርታ ያስቀምጣሉ። 2 ቤሳ 1 ጊርሽ ነው፤ ብር በ16 ጊርሽ በሚመነዘርበት ጊዜ ደግሞ 32 ቤሳ ይሆን ነበር። ስለዚህ ቤሳ የለኝም የሚል ሰው ብሩና ጊርሹ ቀርቶ የመጨረሻዋ ዝርዝር እንኳ እንዳልተረፈችው ይናገራል፤ የአባባሉ ኃይል የሚገባው ከባዱን ጠገራ በአንድ እጅ፣ ቀላሏን ቤሳ በሌላው ይዘው ሲመዝኑ ነው። ስሙ ከሕንዱ «ፓይሳ» ተነሥቶ በዐረቦች ንግድ በኩል ወደ እኛ የደረሰ ሲሆን፣ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ቡናና ዝባድ የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች ይመላለሱበት በነበረው በዚህ ገበያ ላይ ሆኖ ይህን መስማት ለእኔ የተለየ ደስታ አለው። በዚያ ዘመን ጠገራው ለትንሽ ግብይት እጅግ ትልቅ ስለነበር አሞሌ ጨው እንደ ዝርዝር ያገለግል እንደነበረም ሐጂ አይዘነጉም።

ሐቀኝነታቸውም የሚመሰገን ነው። ጠገራ ላይ ያለው 1780 የሚል (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ዓመት ዕድሜውን እንደማያረጋግጥ፣ ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት ተጽፎበት ሲመታ እንደኖረ ሳይጠየቁ ለገዢው ይነግሩታል። ትክክለኛው ጠገራ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ሚዛን እንዲያወጡ መጠየቅም አያስቀይማቸውም።

ቅር የሚያሰኘው ሳንቲሞቹ ስምና ዘመን ሳይጻፍባቸው በአንድ ቆርቆሮ ተደባልቀው መቀመጣቸው ነው፤ ሐጂ በሌሉበት ሰዓት የሚተኩት ልጅ ጊርሹን ከቤሳው ለይቶ ማስረዳት አይችልም። ዋጋም አልተለጠፈም፤ በጨዋነት ለሚከራከር ግን ይቀንሳሉ። ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞላ መሄድ ይሻላል። ሳንቲሙን ወደ ውጭ አገር ሊወስድ የሚያስብ ገዢ ከመግዛቱ በፊት ስለ ፈቃዱ የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቅ።