በምሥራቅ ጎጃም የመምህርነት የተግባር ልምምድ

ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ስከታተል፣ በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያደረግሁት የተግባር ልምምድ ከንድፈ ሐሳቡ ትምህርት ይልቅ የጠቀመኝ በመካሪ መምህሬ ምክንያት ነው። እኒህ አንጋፋ የሒሳብ መምህር የትምህርት ዕቅዴን አስቀድመው በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኛል፤ ከኋላ ተቀምጠውም የትኛው ተማሪ እንደተጠየቀና የትኛው እንደተዘነጋ በመቀመጫ ንድፍ ላይ ምልክት እያደረጉ፣ 40 ደቂቃው ሲያበቃ ወረቀቱን ያለ ብዙ ንግግር ይሰጡኛል። ኅዳር ላይ የጤፍ አጨዳ ሲደርስ የገጠር ልጆች ስለሚቀሩ ክለሳ እንዳዘጋጅ የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው፤ ይህን በኮርሱ ውስጥ ያነሣው አልነበረም። ከላከኝ ተቋም የመጣው ተቆጣጣሪ ግን ግማሽ ክፍለ ጊዜ እንኳ ሳይቀመጥ ነጥብ ሞልቶ መሄዱ ቅር አሰኝቶኛል። የቤት ኪራዩም ከራስ ኪስ ነው። ቢሆንም፣ የልምምድ ትምህርት ቤቱን የመምረጥ ዕድል የሚያገኝ ሰው ለከተማ ቅርበት ሳይሆን ለመካሪው ማንነት ቅድሚያ ቢሰጥ እመክራለሁ።