ኮምፒውተሩ ለምን ቶሎ እንደማይዘጋ የሚናገር መዝገብ፦ ስለ ኢቨንት ቪወር

ዊንዶውስ 10 የተጫነበት የቤታችን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለመዘጋት አራት ደቂቃ ገደማ ይፈጅበት ከጀመረ ወራት ተቆጥረው ነበር። አንድም ፕሮግራም ሳይከፈት እንኳ «ሻቲንግ ዳውን» ከሚለው ጽሑፍ በላይ ነጠብጣቦቹ እየዞሩ ይቆያሉ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ችግር አይደለም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ያረጀው ዩፒኤሳችን የሚያቆየን ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ስለሆነ፣ ልጄ የቤት ሥራዋን ሴቭ አድርጋ ወዲያው ብትዘጋውም፣ ኮምፒውተሩ ገና በመዘጋት ላይ እያለ የዩፒኤሱ ጩኸት ይፈጥንና ሁሉም ነገር ድርግም ይላል። በተለይ ሃርድ ዲስክ ገና እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ፋይል ሊበላሽ እንደሚችል ስለማውቅ፣ በእያንዳንዱ ቀን ስጋት ነበረብኝ።

መጀመሪያ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው አብርቶ እንኳ ሳያየው ፎርማት ከመደረግ ሌላ መፍትሔ እንደሌለው ነገረኝ። የስምንት ዓመት የቤተሰብ ፎቶግራፍ ያለበትን ዲስክ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለማጥፋት አልፈቀድኩምና ይዤው ተመለስኩ። በኋላ መልሱን ያገኘሁት ከራሱ ከዊንዶውስ ጋር ያለ ክፍያ ከሚመጣው ኢቨንት ቪወር ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚህ መሣሪያ ነው።

ኢቨንት ቪወር ኮምፒውተሩ የሚያከናውናቸውን ነገሮች የሚመዘግብበት መዝገብ ማሳያ ነው። በስታርት መፈለጊያ ላይ ስሙን ጽፎ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ መክፈት፣ ከዚያም «አፕሊኬሽንስ ኤንድ ሰርቪስስ ሎግስ» ከሚለው ተነስቶ በማይክሮሶፍት፣ በዊንዶውስ፣ በ«ዳያግኖስቲክስ ፐርፎርማንስ» በኩል «ኦፐሬሽናል» እስከሚለው ድረስ መውረድ ነው። እዚያ 200 የሚል ቁጥር የያዘው መስመር ኮምፒውተሩ ለመዘጋት የወሰደበትን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይናገራል፤ የእኛው 231,400 ይል ነበር፣ ማለትም ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ሰከንድ። ቀጥሎ ያለው 203 ቁጥር ደግሞ መዘጋቱን ያዘገየውን ሰርቪስ፣ ማለትም ሳይታይ ከበስተጀርባ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ በስሙ ይጠራል። እኛ ዘንድ የተጠራው ከዓመታት በፊት ለዘመድ የሰጠነው ፕሪንተር ትቶት የሄደ ሰርቪስ ሲሆን፣ ብቻውን ከ200,000 ሚሊ ሰከንድ በላይ ወስዷል።

ይህ ቁጥር ወደ ድፍን 200,000 መጠጋቱ አጠራጠረኝ። ዊንዶውስ ሲዘጋ ለሰርቪሶች የሚሰጠው የመታገሻ ጊዜ የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት ሬጅስትሪ ውስጥ «ዌይት ቱ ኪል ሰርቪስ ታይምአውት» በሚል ስም ይቀመጣል፤ በዊንዶውስ 10 የተለመደው 5,000 ሚሊ ሰከንድ ነው። የእኛውን ስከፍተው 200,000 ሆኖ አገኘሁት፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲጫኑ ይህን ቁጥር ከፍ አድርገው ይተዉታል። መልስ የማይሰጥ ሰርቪስና የተለጠጠ ትዕግሥት ተገናኝተው ነው ያን ያህል ያስጠበቁን። የፕሪንተሩን ፕሮግራም አራገፍኩ፣ ቁጥሩን ወደ 5,000 መለስኩ፣ ከዚያም ሪስታርት አደረግኩ። ከ5,000 በታች ማውረድን ግን አልመክርም፤ መረጃውን ጽፎ ያልጨረሰ ሰርቪስ በመሃል ሊቋረጥ ይችላልና። በማግስቱ 200 ቁጥር ያለው መስመር 24,118 አሳየ።

መሣሪያው ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ይህ መዝገብ ቢኖርም፣ ቦታው በተደራረቡ ፎልደሮች ሥር ተቀብሮ ስለሚገኝ ያልተነገረው ሰው በራሱ ሊደርስበት አይችልም፤ ይህን ያህል የሚጠቅም መረጃ እንዲህ መደበቁ ያሳዝነኛል። በመስመሩ ውስጥ የሚጻፈው የክስተቱ ሰዓትም ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ያለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የዘጋሁት ኮምፒውተር እዚያ 18:00 ተብሎ ስለተመዘገበ፣ መጀመሪያ የሌላ ቀን መስሎኝ አልፌው ነበር። ኮምፒውተሩ የዘገየው ዝመና (አፕዴት) እየጫነ ከሆነም እዚህ ብዙ ፍንጭ አይገኝም።

በሌላ በኩል፣ «ሲስተም» በሚለው መዝገብ 7 ቁጥር ከዲስክ ስም ጋር ተደጋግሞ ከታየ ዲስኩ የተበላሸ ቦታ አለበት ማለት ነውና፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል። እዚያው የሚገኘው 41 ቁጥር ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ዳግም የተነሣባቸውን ጊዜያት ይመዘግባል፤ በእኛ ቤት በአንድ ወር ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፎ አግኝቻለሁ።

ኮምፒውተራቸው ለመዘጋት የሚያስቸግራቸው ሁሉ ለፎርማት ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ይህን መዝገብ እንዲከፍቱ አጥብቄ እመክራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ መብራት ሲጠፋ ልጄ እንደ ወትሮው ሴቭ አድርጋ ዘጋችው፤ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላም ዩፒኤሱ በዝግታ እየጮኸ ነበር።