ጉልቻው፦ የ7,000 ብር ትራይፖድ ከስምንት ወር በኋላ

ትራይፖዱ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያው፣ የአሉሚኒየም ነው፣ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ካርቶኑ ላይ «5 ኪሎ ይሸከማል» ተብሎ ተጽፏል። የእኔ ካኖን 6ዲ ከ70-200 ሌንሱ ጋር ሁለት ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ሌንሱን በቀለበቱ ይዤ፣ ፍሬሜን አስተካክዬ፣ ካሜራው የሚቀመጥበትን ጭንቅላቱን ጥርቅም አድርጌ አጥብቄ ስለቀው ግን አፍንጫው ቀስ እያለ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይመስል።

መጀመሪያ ያወጣሁት ለተክሊል ሠርግ ነበር። ገና እግሮቹን ዘርግቼ ሳልጨርስ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ጉልቻህን ከመንገድ ዞር አድርግልኝ! ሦስት ጉልቻ የሚመሠርቱት እነሱ ናቸው እንጂ አንተ ነህ?» አሉኝ። «ይቅርታ እማማ» ብዬ ወደ ጥግ ወሰድኩት። ስሙም በዚያው ጸና።

ደግሞም እውነታቸውን ነው። እሱ ላይ አድርጌ በ1/15 ሰከንድ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ቤት ገብቼ ሳያቸው ዓምዱና መጋረጃው ጥርት ብለዋል፤ ጽና የሚያወዛውዙት ቄስና ሙሽራዋ ግን ጭስ መስለዋል። ትራይፖድ ካሜራውን ያቆማል እንጂ ሰው አያቆምም። አሁን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 50 ሚሊ ሜትሯን ሌንስ ይዤ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ 1/125 ሰከንድ፣ ክርኔን ጎኔ ላይ ለጥፌ በእጄ ነው የማነሣው። ትንሽ ኖይዝ፣ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ፣ አለው። ይኑረው፤ ለአልበም ሲታተም የሚያየው የለም።

ብሩን የመለሰልኝ እንጦጦ ላይ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የከተማው መብራት ሲበራ፣ አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ 8 ሰከንድ፤ ይሄን በእጅ ማንም አያነሣውም። ንፋሱ ግን አይጣል ነው። የመሀሉን ዘንግ ፈጽሞ አልስበውም፣ የታችኞቹን ቀጫጭን እግሮችም ካልቸገረኝ አላወጣም። ቦርሳዬን መንጠቆው ላይ ሰቅዬ መሬት እንዲነካ አደርገዋለሁ፤ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ካሜራውንም ይዞት ይወዛወዛል። የሌንሱን ማረጋጊያ አጠፋለሁ፣ ጣቴ እንዳያነቃንቀውም በ2 ሰከንድ ታይመር ነው።

በሦስተኛው ወር የአንዱ እግር ፕላስቲክ ማጥበቂያ ተሰበረ። የሸጠልኝ ሰውዬ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ዋስትና የለውም» ብሎ ሸኘኝ፤ በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። የአንዱ እግር ጫፍ ጎማም እንጦጦ ጭቃ ውስጥ ቀረ። የክራንች ጎማ ገዝቼ ገጠምኩለት፣ እንደውም ከፋብሪካው የተሻለ መሬት ይይዛል።

ለሠርግ ብላችሁ አትግዙት። ለማታ ከተማ፣ ለምግብና ለዕቃ ፎቶ ከቀላል ሌንስ ጋር ይበቃል። ጭንቅላቱ ተፈትቶ ስለሚወጣ ብር ሲገኝ እሱን ብቻ እቀይራለሁ፤ እግሮቹ ከነክራንች ጎማቸው ይቆያሉ።