የአፍላቶክሲን ስትሪፑን ስምንት ወር ከሠራሁበት በኋላ

ወፍጮ ላይ የሚሠራው ልጅ የመጀመሪያውን ስትሪፕ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየና «ሁለት ሆነ! አለቀልን!» ብሎ ጮኸ። አልፈረድኩበትም። የእርግዝናውም የኮቪዱም መመርመሪያ ሁለት መስመር ሲያወጣ «አለ» ማለት መሆኑን ሁሉም ሰው ለምዶታል። የአፍላቶክሲኑ፣ ማለትም ሻጋታ በኦቾሎኒ ላይ የሚያመነጨውን መርዝ የሚመረምረው ስትሪፕ፣ ግን ተቃራኒ ነው። ሁለት ደማቅ መስመር ከታየ ኦቾሎኒው ንጹሕ ነው፤ አንደኛው መስመር እየደበዘዘ ከሄደ መርዙ እየበዛ ነው። ይህን ለባልደረቦቼ ለማስለመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ እኔም ራሴ ሲደክመኝ አንዳንዴ እምታታለሁ።

የምሠራው ኦቾሎኒ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በብልቃጥ የሚያሽግ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ጥሬ ዕቃ ተቀባይ ነኝ። ኬሚስት አይደለሁም። ጭነት ሲመጣ «ይግባ» ወይም «ይመለስ» የምለው እኔ ስሆን፣ ከመመርመሪያ ኪቱ በፊት መሣሪያዬ ዓይኔና አፍንጫዬ ነበሩ። ጥርጣሬ ሲገባኝ ናሙና ወደ ውጭ ላብራቶሪ እልካለሁ፤ ውጤቱ ሲደርሰኝ ኦቾሎኒው ተፈጭቶ፣ ታሽጎ፣ ግማሹ ተሸጦ ይቆየኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እዚያው በራችን ላይ ቁጥር የሚሰጥ ኪት እንዲገዛ የጨቀጨቅኩትም ለዚህ ነው። የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ኪት የሚሠሩት ብዙ ናቸው፣ አሠራራቸውም ይቀራረባል።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ይህ ነው፦ እርጥበት በሚመጥ ፍሬ የታጀበ ቱቦ ውስጥ የታሸጉ 25 ስትሪፖች፣ ትንንሽ ጽዋዎች፣ ማቅጠኛ ፈሳሽ፣ የፒፔት (የፈሳሽ መምጠጫ) ጫፎች። ቁጥሩን የሚያነበው ሪደር ለብቻው ይገዛል። ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ደግሞ የሚከተለው ነው። ወፍጮ የራስህ፣ ሚዛን የራስህ፣ ማጣሪያ ወረቀት የራስህ፣ ሜታኖል (መርዙን ከኦቾሎኒው የሚያወጣው አልኮል) የራስህ። «ሁሉን ያሟላ» የሚለውን ጽሑፍ አምኜ ያለ ሜታኖል ስጀምር የመጀመሪያው ቀን ባዶውን ዋለ።

አሠራሩ ግን ቀላል ነው። 50 ግራም የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ 250 ሚሊ ሊትር ሜታኖል በውኃ (ሰባ እጅ ሜታኖል፣ ሠላሳ እጅ ውኃ)፣ ሦስት ደቂቃ በደንብ መናጥ፣ ማጥለል፣ ማቅጠን፣ ስትሪፑን መንከር፣ መጠበቅ፣ ሪደሩ ውስጥ ማስገባት። ከመፍጨቱ ውጪ ያለው ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

መስመሩ ለምን እንደሚደበዝዝ ሳይገባኝ መሥራት ስለማልወድ አጥንቼዋለሁ። ከአፍላቶክሲን ዓይነቶች ዋነኛው ቢ1 በጣም ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 312 ገደማ ነው። እንደ ቫይረስ ክፍል በአንድ በኩል አንድ አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን)፣ በሌላ በኩል ሌላ አንቲቦዲ ይዞ መቆም አይችልም። ስለዚህ ስትሪፑ ላይ አስቀድሞ አፍላቶክሲን ተለጥፏል። ቀይ ቀለም የሚሰጡት አንቲቦዲ የተለበጠባቸው እጅግ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ናቸው። ናሙናው ንጹሕ ከሆነ ቅንጣቶቹ መስመሩ ላይ ባለው አፍላቶክሲን ላይ ይከማቻሉ፤ መስመሩ ይቀላል። ናሙናው ውስጥ መርዝ ካለ ግን ገና በመንገድ ላይ እጃቸው ይሞላል፤ መስመሩ ጋ ሲደርሱ የሚይዙበት የላቸውም። ሁለተኛው መስመር፣ መቆጣጠሪያው፣ ፈሳሹ በትክክል መፍሰሱን ብቻ ይመሰክራል። እሱ ካልወጣ ስትሪፑ ይጣላል።

የእኛ ኪት ከ2.5 እስከ 50 ማይክሮግራም በኪሎግራም ያነባል። ይህ ይበቃል ወይ የሚለው የሚወሰነው በገዢህ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚጠቀመው ወሰን ለጠቅላላ አፍላቶክሲን 20 ነው፤ ለዚያ ኪቱ ተርፎ ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት ግን በቀጥታ ለሚበላ ኦቾሎኒ ጠቅላላውን 4፣ ቢ1ን ብቻውን ደግሞ 2 አድርጎታል። ስትሪፑ ቢ1ን ከቢ2፣ ከጂ1 እና ከጂ2 ለይቶ አይነግርህም፤ ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ለአውሮፓ የምትልክ ከሆነ ይህ ኪት ብቻውን አያድንህም። ሻጩ ይህን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሁለተኛው ወር አንድ ጭነት መጣ። ከአንዱ ጆንያ አንድ እፍኝ ወስጄ ፈጨሁ፤ ሪደሩ «ከ2.5 በታች» አለ። ደስ ብሎኝ ልፈርም ስል ለማረጋገጥ ከዚያው ጆንያ እንደገና ዘገንኩ፤ 31። ሦስተኛ ዘገንኩ፤ 6። ተናደድኩ። ኪቱ የተበላሸ መስሎኝ ለሻጩ የቁጣ ደብዳቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ከመላኬ በፊት ግን 31 ያለውን ያንኑ የተጣራ ፈሳሽ በሦስት አዲስ ስትሪፖች ደገምኩት፤ 31፣ 29፣ 33። ስትሪፑ በራሱ ቃል ጸንቷል። ከእፍኝ እፍኝ የሚለያየው ኦቾሎኒው ነበር።

ደብዳቤውን ሰርዤ ማንበብ ጀመርኩ። ሻጋታው ጆንያውን እንደ ጨው አይበተንበትም። ነፍሳት የበሳችው ወይም እርሻው ላይ ድርቅ የመታት አንዲት ፍሬ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይበረታል፤ አጠገቧ ያሉት ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፍሬዎችን አንድ በአንድ የለኩ ተመራማሪዎች በአንዲት ፍሬ ውስጥ ከ1,000,000 ማይክሮግራም በኪሎግራም በላይ አግኝተዋል። እንዲህ ያለችው ብርቅ ናት፤ ግን ሒሳቡን ሥራው። ግማሽ ግራም የምትመዝን እንዲህ ያለች ፍሬ 500 ማይክሮግራም መርዝ ተሸክማለች ማለት ነው። 25 ኪሎ ውስጥ ብትፈጭ 25ቱንም ኪሎ ወደ 20 ማይክሮግራም በኪሎግራም ታደርሰዋለች። 25 ኪሎ ውስጥ 50,000 ያህል ፍሬ አለ። ከ50,000 አንዷን በእፍኜ ላገኛት ነው? የአውሮፓው ደንብ ለትልቅ የኦቾሎኒ ጭነት ከ100 ቦታ ተለቃቅሞ 20 ኪሎ ናሙና እንዲወጣ የሚያዝዘው የቢሮ ሰዎች ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

በኪቱ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። መመሪያው 16 ገጽ ነው፤ ስለ ፒፔት አያያዝ ሁለት ገጽ ሙሉ አለው፤ ስለ ናሙና አወሳሰድ ግን «ወካይ ናሙና ይውሰዱ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ሪደሩ ቁጥሩን እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ያሳይሃል፤ ያ ነጥብ ከየት እፍኝ እንደመጣ ግን ማንም አይጠይቅህም።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች እንወስዳለን፤ 20 ኪሎ ያህል ሲሞላ ሁሉም ይከካል፣ ይደባለቃል፣ አራት ቦታ ይከፈላል፣ ሁለቱ ተነሥቶ እንደገና ይደባለቃል፤ እንዲህ እየተቀነሰ ሁለት ኪሎ ሲቀር በደንብ ይፈጫል። ለመፍጨቱም ብልሃት አለው፤ ኦቾሎኒ ደረቁን አብዝተህ ከፈጨኸው ቅቤ ሆኖ ወፍጮው ላይ ይለጠፋል። እኩል ውኃ ጨምሮ እንደ ቀጭን ሊጥ መምታቱ ይሻላል፤ ድብልቁም ይበልጥ እኩል ይሆናል። (የጨመርከውን ውኃ ግን ከ50 ግራሙ ሒሳብ ውስጥ ማስገባት እንዳትረሳ፤ እኔ ረስቼ አንድ ጭነት በግማሽ አሳንሼ አንብቤዋለሁ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።) ወፍጮውም ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ይታጠባል። አንድ ቀን ከቆሸሸ ጭነት በኋላ ሳናጥብ የፈጨነው ንጹሕ ኦቾሎኒ 4 አሳይቶ ሻጩን ልንመልሰው ነበር።

ከኪቱ በፊት አልትራቫዮሌት (ወይን ጠጅ መሳይ) ብርሃን የሚሰጥ መብራት ገዝቼ እንደነበር ሳልናገር ላልፍ ነበር፤ ያፍራል ሰው። የአፍላቶክሲን ዓይነቶች መጠሪያ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው፤ ቢ የሚባሉት በዚያ ብርሃን ሰማያዊ፣ ጂ የሚባሉት አረንጓዴ ስለሚያበሩ ነው ፊደሎቹ የተሰጧቸው። ይህ ግን ተጣርቶ በላብራቶሪ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ነው። እህል ላይ ቀጥታ ስታበራ የሚታየው ቢጫ አረንጓዴ ብልጭታ የመርዙ ሳይሆን ሻጋታው የሚያመነጨው ሌላ ነገር ውጤት ነው። ብልጭታው እየታየ መርዝ ላይኖር ይችላል፤ ሳይታይም መርዝ ሊኖር ይችላል። መብራቱ አሁን መጋዘን ውስጥ የወደቀ ብሎን መፈለጊያ ሆኗል።

ቁጥሩን ካወቅን በኋላስ? መቁላት ይገድለዋል ብለን እናምን ነበር። ሻጋታውን ይገድለዋል፤ መርዙ ግን ሌላ ነው። ንጹሕ አፍላቶክሲን የሚፈርሰው ከ237 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ በዚያ ሙቀት ኦቾሎኒ ከሰል ይሆናል። መቁላት የተወሰነውን ይቀንሳል እንጂ አይጨርስም። ለእኛ የሠራልን መልቀም ነው። ከተቆላና ገለባው ከተገፈፈ በኋላ የጠቆሩት፣ የተጨማደዱት፣ የተበሱት በግልጽ ይለያሉ፤ መርዙም በብዛት የተጠራቀመው እነሱ ውስጥ ነው። 14 ያነበበ አንድ ጭነት ሴቶቹ ከለቀሙት በኋላ ከ2.5 በታች ወረደ። ይህን በስትሪፕ ሳላየው በፊት ለቀማ ለማማር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የተለቀመው ተረፈ ምርት ጉዳይ ደግሞ ከመጋዘን ጠባቂያችን ጋር አጣልቶኛል። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ከሚጣል ለዶሮዎቼ አይሻልም?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ነገሩ የታወቀው እኮ በዶሮ ዘመድ ነው» አልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ፤ ሲጣራ የበሉት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሻግቶ ተገኘ። አፍላቶክሲን የተገኘው በእነሱ ሞት ነው። ላምም ብትበላው ቢ1ን ወደ ኤም1 ለውጣ በወተቷ ትመልሰዋለች፤ ለዚህም ነው የወተት ወሰን እጅግ የጠበበው፣ በአውሮፓ 0.05፣ በአሜሪካ 0.5 ማይክሮግራም በኪሎግራም። ጋሼ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ። ከዚያ የተጣለውን ሲያቃጥሉ አየኋቸው።

ስትሪፑን ከላብራቶሪ ጋር ያወዳደርኩት ስድስት ጊዜ ነው፤ ከአንድ ሊጥ ሁለት ቦታ ከፍዬ። አምስቱ ተቀራረቡ። ስድስተኛው ላይ ስትሪፑ 12 ሲል ላብራቶሪው 8 አለ። አንቲቦዲው አራቱን ዓይነቶች እኩል አይዛቸውም፤ ዘይቱና ቀለሙም ይረብሹታል፤ ላብራቶሪው ግን አጣርቶ እያንዳንዱን ለየብቻው ነው የሚለካው። ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው፦ ከ2.5 በታች ይገባል፣ ከ10 በላይ ይመለሳል፣ በመካከል ያለው ላብራቶሪ እስኪመለስ መጋዘን ጥግ ይቀመጣል።

ጥቃቅን ብስጭቶች አሉ። ቱቦውን ክፍት ትቼ ከመቁያው እንፋሎት አጠገብ ያስቀመጥኳቸው አራት ስትሪፖች መቆጣጠሪያ መስመር እንኳ አላወጡም። ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ወዲያው መጠቀምም አይሆንም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ። ከሁሉ የባሰው እያንዳንዱ የምርት ቁጥር የራሱ ካርድ አለው፤ ሪደሩ ያንን ካርድ ካላነበበ በድሮው ስሌት ያሰላል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ሁለት ቀን በተሳሳተ ካርድ ሠርቼ ሁሉንም ደግሜያለሁ። ሜታኖሉም መርዝ ነው፤ መስኮት ክፈት፣ ጓንት አድርግ። በውኃ ብቻ የሚያወጡ ኪቶች መጥተዋል፤ ቀጣዩ ግዢዬ ከእነሱ ይሆናል።

ለስትሪፑ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለመመሪያው አንድ። በወር አንድ ጭነት የምትቀበል ከሆነ ላብራቶሪ ይሻልሃል፤ ስትሪፖቹ ጊዜያቸው ያልፍባቸዋል። በየሳምንቱ የምትቀበል ከሆነ ግን ግዛው፤ ከእሱ ጋርም ጆንያ ወግቶ ናሙና የሚያወጣ ረጅም ሳምፕለር ጨምር። የእኛን ሳምፕለር አሁን የያዙት ጋሼ ናቸው። ባለፈው ሳምንት መኪና ሲገባ እኔ ሳልደርስ ሦስት ባልዲ ሞልተው፣ ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች ብለው ጽፈው ጠበቁኝ።