ከሆኖሉሉ ወደ ሂሎ ወይስ ወደ ኮና? ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ሂሎም ኮናም ያሉት አንድ ደሴት ላይ ነው፣ ቢግ አይላንድ የሚሏት ሃዋይ ደሴት ላይ፣ ሂሎ በምስራቅ ኮና በምዕራብ። ሆኖሉሉ ያለችው ሌላ ደሴት ላይ ነው፣ ኦዋሁ በምትባለው፣ ከሆኖሉሉ ኤርፖርት ሂሎ በቀጥታ መስመር 348 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ኮና ደግሞ 262 አካባቢ። ሰው ይሄን ያይና ኮና ይቀርባል ብሎ ይቆርጣል፣ ግን ሰዓቱን ስታዩት ያን ያህል ልዩነት የለውም፣ ሁለቱም ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ባለው ውስጥ ናቸው። አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ጋ እስኪደርስ አለ፣ ከፍታ እስኪይዝ አለ፣ ከዛ ወዲያው መውረድ ይጀምራል፣ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ የሚበረው ለትንሽ ደቂቃ ስለሆነ 86 ኪሎሜትሯ ብትጨምር 6 ወይ 7 ደቂቃ ነው። ሃዋይያን ኤርላይንስ በደሴቶቹ መሀል በሚያበረው ባለ 128 ወንበር ቦይንግ 717 ከሄዳችሁ ጁስ ይታደላል፣ ቀስ ብላችሁ ከጠጣችሁ ሳትጨርሱት ኩባያ ሊሰበስቡ ይመጣሉ።

ስለዚህ የአየሩን ርቀት ተዉትና ከወረዳችሁ በኋላ ያለውን መንገድ እዩ። እሳተ ገሞራውን ኪላዌያን ለማየት ከሆነ የምትሄዱት ያለምንም ጥርጥር ሂሎ ነው፣ እሳተ ገሞራው ያለበት ፓርክ በመኪና 45 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ከኮና ግን ከ2 ሰዓት በላይ ትነዳላችሁ፣ ያውም መሄጃው ብቻ። ፀሀይና ባህር ዳርቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ደግሞ ኮና። ከሰሜን ምስራቅ የሚመጣው ንፋስ 4,207 ሜትር ከፍታ ካለው ማውና ኬያ ጋር ሲጋጭ ዝናቡን ሂሎ በኩል ያራግፈዋል፣ በአመት ከ3,000 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል እዛ፣ ኮና ግን ከተራራው ጀርባ ስለሆነች ደረቅ ናት። የሂሎ ኤርፖርት ከተማው ስር ነው፣ የኮናው 11 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል።

ጀልባ ይሻለኛል የምትሉ ካላችሁ፣ ከሆኖሉሉ ወደዚህ ደሴት ሰው የሚያመላልስ ጀልባ የለም፣ ያለው አውሮፕላን ብቻ ነው። ከአሜሪካ ዋናው ምድር የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ኮና ቀጥታ በረራ ስላላት ሆኖሉሉ ላይ መቀያየሩ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ መጀመሪያ እሱን ቼክ አድርጉ። ሻንጣም አለ፣ ሳውዝዌስት የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ለሁሉም ሰው 2 ሻንጣ በነፃ ይጭን የነበረው ከሜይ 28, 2025 ጀምሮ በሚቆረጥ ቲኬት ላይ ቀርቷል፣ የድሮውን ሰምታችሁ ሂሳብ እንዳትሰሩ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ቢያንስ 3 ወይ 4 ቀን ካላችሁ በሂሎ ገብታችሁ በኮና ውጡ። በመሀል ያለው የተራራው መንገድ 2 ሰዓት አይሞላም፣ አስፋልቱም ጥሩ ነው፣ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው። መኪናውን ከተከራያችሁበት ሌላ ኤርፖርት ስትመልሱ አንዳንዱ አከራይ ተጨማሪ ስለሚያስከፍል ግን ቲኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት ያንን ጠይቁ። በኮና በኩል ወደ ሆኖሉሉ ስትመለሱ በቀኝ በኩል መስኮት ያዙ፣ ማዊና ላናይ የሚባሉት ደሴቶች የሚታዩት በዛ በኩል ነው።