ለአባቴ የገዛሁት የደም ግፊት መለኪያ ከስምንት ወር በኋላ

ባህር ዳር ከአንድ ፋርማሲ 5,400 ብር ስለገዛሁት የክንድ ደም ግፊት መለኪያ ነው የምጽፈው። ስምንት ወር ስለተጠቀምንበት አሁን የሆነ ነገር ማለት እችላለሁ ብዬ ነው፣ በተለይ አባት ያላችሁ ወይ ራሳችሁ አባት የሆናችሁ ወንዶች አንብቡት።

አባቴ ቡሬ አካባቢ በቆሎና ጤፍ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፣ 67 ዓመታቸው ነው፣ እስከ አምና ድረስ በዕድሜያቸው ሐኪም ቤት የሄዱት አንዴ መጥረቢያ እግራቸውን ሲመታቸው ብቻ ነው። ምን ሆነዋል ስትሏቸው መልሳቸው "ኧረ ወዲያ፣ ምን ሁኜ!" ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ስትመጣም የምታገኘው እማዬን ነው፣ ስለ ክትባት ስለ መጸዳጃ ቤት ስለ ህፃናቱ ጠይቃ ትሄዳለች፣ አባዬ ያን ሰዓት እርሻ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ እስከ አምና ድረስ አንድም ሰው ግፊታቸውን ለክቷቸው አያውቅም። አምና ጎረቤታችን፣ የአባዬ እኩያ የሆኑ ሰው፣ ማሳ ላይ እንዳሉ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ ስትሮክ ነው ተባለ፣ ግፊት እንዳለባቸው እሳቸውም ቤተሰባቸውም አያውቁም ነበር። ከዛ በኋላ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

መጀመሪያ የገዛሁት ይሄኛውን አይደለም። እጅ አንጓ ላይ እንደ ሰዓት የሚታሰረውን ነበር፣ በዋጋ ቀለል ስለሚል። የላይኛው ቁጥር አንዴ 118 አለኝ ከሦስት ደቂቃ በኋላ 171፣ የትኛውን ልመን? በኋላ አንድ ነርስ ጓደኛዬ ሲያስረዳኝ የአንጓው ዓይነት እጅህ ከልብህ ትክክል ካልሆነ ትንሽ ዝቅ ከፍ ባለ ቁጥር ያሳስታል፣ ለቤት የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዛ አለኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ስትራይድ ቢፒ የሚባል በትክክል መለካታቸው የተፈተሸ ማሽኖችን ዝርዝር የያዘ ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ፣ የማሽኑን ሞዴል እዛ ላይ ፈልጉት፣ በነፃ ነው።

የአሁኑ በአራት የሪሞት ድንጋይ ነው የሚሠራው፣ ይሄ ለኛ ሀገር ትልቅ ነገር ነው፣ መብራት ሄደ አልሄደ አያሳስብም፣ በስምንት ወር ድንጋይ የቀየርነው አንዴ ነው። ቁጥሩ ትልልቅ ስለሆነ አባዬ ያለ መነጽር ያዩታል። የሁለት ሰው መዝገብ ለየብቻ ይይዛል፣ አንዱ የሳቸው አንዱ የኔ። መመሪያው እንግሊዝኛና ቻይንኛ ብቻ መሆኑ ግን ያናድዳል፣ አጠቃቀሙን ካላወቃችሁ ማሽኑ ደህና ሆኖ ቁጥሩ የተሳሳተ ይሆናል፣ ስለዚህ እኔ የተማርኩትን ልጻፍላችሁ።

ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና የለም ሲጋራም የለም፣ ሽንት ካለ ቀድሞ መሽናት፣ ከዛ ጀርባን ደገፍ አድርጎ እግር ሳያጣምሩ መሬት ላይ አሳርፎ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። ክንዱ በልብ ትክክል እንዲሆን ከሥሩ የሆነ ነገር ማስደገፍ ነው፣ እኛ መደቡ ላይ ትራስና የተጣጠፈ ጋቢ ነው የምናደርገው። ጨርቁ በባዶ ክንድ ነው የሚታሰረው እንጂ በሸሚዝ ላይ አይደለም። ሲለካ ማውራት አይቻልም። ሁለት ጊዜ ነው የሚለካው፣ በመሃል አንድ ደቂቃ፣ ጠዋት ከመድኃኒትና ከቁርስ በፊት ማታ ደግሞ ከመተኛት በፊት፣ ለሰባት ቀን፣ የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀረውን አማካይ ታወጣላችሁ። ሐኪም ቤት 140/90 (የላይኛውና የታችኛው ቁጥር) ነው መስመሩ፣ ቤት ውስጥ ግን አማካዩ 135/85ና ከዛ በላይ ከሆነ ነው ግፊት የሚባለው፣ ምክንያቱም የሐኪም ጋውን ሲያይ የብዙ ሰው ግፊት ይጨምራል። የአባዬ አማካይ 158/96 ወጣ። ምንም አያማቸውም ነበር፣ ራስ ምታት እንኳ የለም፣ የግፊት ክፋቱ ይሄ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ ማሽኑን የወደድኩበትን።

እኔና አባዬ ጎን ለጎን ተቀምጠን አምስት ደቂቃ የቆየንበትን ጊዜ አላስታውስም። ሁልጊዜ ሥራ አለ፣ ወይ ሰው አለ፣ ወይ እኔ ለመመለስ እቸኩላለሁ። ይሄ ማሽን ሁለት ወንድ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። በሁለተኛው ጉዞዬ ይመስለኛል፣ ቁጥሩ ከሌላው ቀን በጣም ከፍ ብሎ ወጣ፣ "አባዬ ዛሬ ምነው ጨመረ?" አልኳቸው እንዲሁ። "ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም" አሉ። ለምን ስላቸው ጨርቁን ከክንዳቸው እየፈቱ የማዳበሪያውን ዕዳ ነገሩኝ፣ ከዛ ታናሽ ወንድሜ ለሥራ ብሎ ከሄደ አራት ወር ስልክ እንዳልደወለ፣ ከዛ በየሌሊቱ ተነስተው በሩ ላይ እንደሚቀመጡ። እማዬ እንኳ በሩ ላይ እንደሚያድሩ እንጂ ለምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ለምን አልነገሩንም ስል "ለማን ይወራል ይህ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነዋ" አሉኝ። ለንስሐ አባታቸው ካልሆነ ለማንም ተናግረው አያውቁም። ጨንቆኛል ማለት የማይሆንላቸው ሰው "ዛሬ 164 ሆነ" ማለት ግን ይችላሉ፣ አሁን ባህር ዳር ስሆን ስልክ የሚደውሉልኝ እሳቸው ናቸው፣ ቁጥሩን ይነግሩኛል ከዛ ሌላውን ወሬ ይቀጥላሉ።

አንድ ነገር እንዳይሳሳት፣ ማሽኑ ሐዘንን አይለካም፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣትም ለጊዜው ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል እንጂ ብቻውን ግፊት አለብህ አያስብልም። ሐኪም ቤት ስንሄድ ግን የመረመራቸው ባለሙያ ቁጥሩን ካየ በኋላ ሁለት ጥያቄ ጠየቃቸው፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት ነበረብዎት ወይ፣ ቀጥሎ ደግሞ ማዘን ወይ ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶዎት ነበር ወይ። አባዬ ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆዩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ለራሴ በሆዴ እየመለስኩ ነበር፣ መልሴም ጥሩ አልነበረም። ማታ ቤት ስገባ ልጆቼ ላይ መጮህ፣ ከሥራ በኋላ አረቄ፣ ሌሊት የሦስት ሰዓት እንቅልፍ ብቻ፣ ባለቤቴ ስንት ጊዜ ነግራኝ "ደህና ነኝ" እያልኩ። ያን ሳምንት እኔም ተለካሁ፣ አማካዬ 141/92። እኔም ቀጠሮ ያዝኩ፣ አረቄውን ተውኩ፣ ከሥራ በኋላ ጣና ዳር ትልቁን ልጄን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ። እስካሁን ያለ መድኃኒት በክትትል ነኝ፣ ያለፈው ሳምንት አማካዬ 132/84 ነው።

ስለ መዝገቡም ልበል። ለአባዬ መጀመሪያ የታዘዘላቸው የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ነበር፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቁጥራቸው ወርዶ ወርዶ መልሶ መውጣት ጀመረ። መዝገቡን ወደኋላ እያየሁ ስጠይቃቸው ደረቅ ሳል ይዟቸው መድኃኒቱን ትተውታል፣ ለማንም ሳይናገሩ። ሳሉ የዛ መድኃኒት የታወቀ ጠባይ ነው፣ ሐኪሙ ስንነግረው ወዲያው አምሎዲፒን ወደሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ቀየረላቸው፣ ሳሉ ጠፋ። እባካችሁ አባቶቻችሁ መድኃኒት ሲያቆሙ አትቆጧቸው፣ ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቋቸው። ጠበል ስለሚጠመቁም ተጨንቄ ነበር፣ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ናቸው "ጠበሉንም ተጠመቅ መድኃኒቱንም ዋጥ" ያሏቸው፣ ከኔ ምክር ይልቅ የሠራው እሱ ነው።

ጨው ላይ እማዬ ናት የረዳችን። በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው፣ ግን የኛ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ነው የሚፈጨው ከዛ ወጡ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። አሁን ሲፈጭ አታስገባበትም።

ማሽኑ 180/120 ወይም ከዛ በላይ ካሳየ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት፣ ያው ከሆነና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መደብዘዝ ወይ የአንድ ጎን መድከም ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከአምስት አራት ኮከብ ነው የምሰጠው። አንዱን የቀነስኩት በመመሪያውና በጨርቁ ነው፣ አብሮት የሚመጣው ጨርቅ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው፣ የእህቴ ባል ክንዱ 36 ነው፣ በጠባብ ጨርቅ ሲለካ ደግሞ ከእውነቱ በላይ ነው የሚያሳየው። እሱም ዝም ከሚሉት ነው፣ እንዲለካ ካሳመንኩት በኋላ በጨርቅ ምክንያት እንዲቀር አልፈልግም። ባህር ዳር ወይ ደብረ ማርቆስ ሰፊውን ጨርቅ ለብቻው የሚሸጥ ፋርማሲ ያየ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።